ስፓኒሽ ተናጋሪ ባልደረባችሁን እንግሊዝኛ ስታለማምዱ

አሜሪካ ውስጥ ስፓኒሽ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር የምትሠሩና እንግሊዝኛ የምታለማምዷቸው ካላችሁ፣ ከትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። ኩሽናም ይሁን ግንባታ ላይ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው።

በስፓኒሽ ትእዛዝ እንደ ሰሚው ይለያያል። «ክፈት» ለማለት ለጓደኛ «አብሬ»፣ ለሚከበር ሰው «አብራ»፣ ለብዙዎች «አብራን» ይባላል። እኛም ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ ስለምንል ችግሩ ይገባናል። በእንግሊዝኛ ግን ለሁሉም «ኦፕን» ነው፤ አለቀ። ከፊቱ «ዩ» ወይም «ቱ» አያስፈልገውም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አሉታው ነው። ስፓኒሽ ከግሱ በፊት «ኖ» ብቻ ስለሚያስቀድም «ኖ ኦፕን» ማለት ይቀናቸዋል። ትክክሉ «ዶንት ኦፕን» ነው። በስፓኒሽ «አብሬ» አሉታ ሲሆን «ኖ አብራስ» ተብሎ ግሱም ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ግሱ ንክች እንደማይል ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ ትልቅ እፎይታ ነው።

አክብሮቱንም አትርሱት። ስፓኒሽ ግሱ ውስጥ የሚያስገባውን አክብሮት እንግሊዝኛ በሌላ ቃል ነው የሚገልጸው። ባዶ «ኦፕን ዘ ዶር» ለደንበኛ ቁጣ ሊመስል ይችላል። «ፕሊዝ» ይጨመርበት፤ «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዶር» ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ስታለማምዱ አዎንታውንና አሉታውን አንድ ላይ አስብሏቸው፦ «ተች ዚስ፣ ዶንት ተች ዛት»። እጃችሁ ዕቃው ላይ ይሁን።