ሸራ ወጥሮ መሄድ አይበቃም፦ በተፈናቃዮች መጠለያ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡትም፣ ከምዕራብ ትግራይ ወጥተው በመቀሌና በሽሬ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉትም ችግራቸው ይመሳሰላል። እርዳታው ያንሳል። የመጣውም ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይሰጣል። በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ የምትሠሩም ሆነ ውጭ ሆናችሁ ገንዘብ የምታሰባስቡ እነዚህን ልብ በሉልኝ።

ቤቱን ለአንዱ፣ ጭንቀቱን ለሌላው መተው

ሸራ የሚወጥረው ሌላ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሌላ፣ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ልጆቿን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ ያደረችን እናት ጠዋት ሰብስቦ ስለ ጭንቀት ማስተማር ምን ይረባታል? መጀመሪያ ብርዱን እንከልክልላት። ክረምት ሳይገባ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ወለሉ ከፍ ይበል፣ ከሥር የሚነጠፍ ይሰጥ። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል፣ ብርድ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ከ4.5 እስከ 5.5። አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር ቆጥራችሁ አወዳድሩት።

ጎረቤት መበተን

ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ይመጣና "እስከ ሃያ ቁጥር ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ" ይላል። በዚያች ቅጽበት እድርተኛው ከእድርተኛው፣ አበልጅ ከአበልጅ ይለያያል። እነዚህ ሰዎች ቤት ንብረታቸውን ትተው ሲወጡ ይዘውት የመጡት አንድ ነገር እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነው፤ ልጅ የሚጠብቅላቸው፣ ቡና የሚጠራቸው፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው ሰው አለ። ድንኳን ከማደላችሁ በፊት "ከማን አጠገብ መሆን ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

"ንገሪኝ" እያሉ መወትወት

ይሄ በጣም ያናድደኛል። ቅጽ የያዘ ሰው ይገባል፣ ልጆቿ ፊት "ስንት ሰው ሞተብሽ? እንዴት ሞቱ?" ይላታል፣ ጽፎ ይወጣል። በሳምንቱ ሌላው ድርጅት ያንኑ ይጠይቃታል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ሥራው ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ነው፤ ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ መጫን ግን የለበትም። ዝም ካለች አብራችኋት ዝም በሉ። ልጇ ከጠፋባት ፍለጋው የት እንደሚመዘገብ አሳዩዋት። "ተመስገን በይ፣ ከአንቺ የባሰ አለ" የምትለዋን ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉአት።

ለቅሶን መርሳት

ብዙዎቹ የሞተባቸውን አልቀበሩም። መርዶውን የሰሙት በስልክ ነው፣ ያውም ተደራርበው በተኙበት ክፍል ውስጥ። አልቅሰው አልወጣላቸውም። አንድ ትርፍ ድንኳን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ጀበናና ስኒ፣ ለንፍሮ የሚሆን እህል፣ ቄሱ ወይም ሼሁ እንዲመጡ ማድረግ፤ ይሄ ብዙ ወጪ የለውም። በእቅድ ውስጥ በጀት ሲያዝለት ግን እምብዛም አይታይም። ወንዶችም የሚቀመጡበት ቦታ ሲያገኙ ያወራሉ፤ "ምክር አገልግሎት" የሚል ታፔላ ከተለጠፈበት በር ግን ብዙዎቹ አይገቡም።

መፀዳጃ ቤት ያለ መብራትና ያለ መቀርቀሪያ

ማታ ላለመውጣት ብላ ከሰዓት በኋላ ጀምራ ውሃ የማትጠጣ ሴት አለች። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ፣ መብራት ይኑረው፣ የሴቱና የወንዱ ይለይ። የት ይሠራ የሚለውን ሴቶቹን ጠይቁ፣ ጠያቂዋም ሴት ትሁን።

ሁሉንም እንደ በሽተኛ ማየት

የዓለም ጤና ድርጅት በግጭት ቦታዎች ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ሌላው ሰላም ሲያገኝ፣ ሥራና ወገን ሲኖረው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። በቅድሚያ መፈለግ ያለበት ከመፈናቀሉ በፊት የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲወስድ የነበረና አሁን ያቋረጠ ሰው ነው። እሱን ዛሬውኑ ከጤና ጣቢያ ጋር አገናኙት።

ሳይነግሩ ማዛወር

"ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ነገ ውጡ" ማለት ሰውን ሁለተኛ ማፈናቀል ነው። ልጆች መማር አለባቸው፣ እሱ አያከራክርም። ግን ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት የሚባለው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ውል ተፈናቃዩ መመለስን፣ እዚያው መኖርን ወይም ሌላ ቦታ መሄድን አውቆና ፈቅዶ እንዲመርጥ ይላል። ስለዚህ ቀኑ፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ እዚያ ውሃና ራሽን መኖር አለመኖሩ ቀደም ብሎ ይነገር፤ ማንበብ የማይችሉም ስላሉ ማስታወቂያ ለጥፎ ብቻ ሳይሆን ሰብስቦ በሚሰሙት ቋንቋ።