ራሽሞር ስትሄዱ የጉድጓድ ቆፋሪውን መንገድ እንዲህ ንዱት

ሰመር ሲመጣ ሚኒሶታ ያለን ሀበሾች ቤተሰብ ጭነን ደቡብ ዳኮታ ወዳለው ራሽሞር ተራራ እንከንፋለን። ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን አራቱን የአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች አይተን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። እኔ እንጀራዬ መሪ ላይ ነው፤ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ስለ ድንጋዩ ፊቶች ብዙም አይሞቀኝ አይበርደኝም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ልብ ያጠፋል።

መንገዱን ያሰበው ፒተር ኖርቤክ ነው። ከስካንዲኔቪያ የመጡ ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በ1870 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዛሬ ደቡብ ዳኮታ በምንለው አገር ቨርሚሊየን አጠገብ ተወለደ። መጀመሪያ ገበሬ ነበር። ከዚያ የውሃ ጉድጓድ ወደ መቆፈር ገባና ኩባንያው ለገበሬው በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን ቆፈረ። በ1917 የግዛቱ ገዥ ሆነ፤ ከ1921 ጀምሮ በ1936 እስኪሞት ድረስ ደግሞ ዋሽንግተን ሴኔት ውስጥ ነበር። ሪፐብሊካን ነው፤ ግን ሲሚንቶ ተወደደ ብሎ ግዛቱ የራሱን ፋብሪካ እንዲያቆም ያደረገ ሪፐብሊካን! ፋብሪካው ራፒድ ሲቲ ላይ አስርት ዓመታት ሠርቶ በ2001 በ252 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለገበሬው የዘረጋው የብድር ፕሮግራም ግን ግዛቱን ክፉኛ አክስሮታል። ሁሉም አልሰመረለትም።

አሁን ወደ መሪው እንመለስ።

ከመንትዮቹ ከተሞች (ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል) ተነስታችሁ በ90 ሀይዌይ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ሱ ፎልስ ላይ ምሳ ብሉ። የሀበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ከዚያ ወዲያ እንጀራ አትጠብቁ። ከስተር ከተማ እደሩ። ማታውኑ ታንካችሁን ሙሉ፣ ካርታውንም ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ተራራው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

ጠዋት በማለዳ 16ኤ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከስተር ስቴት ፓርክ ግቡ። መግቢያውን ክፈሉ። ፓርኩ በ1919 የተቋቋመው በኖርቤክ ግፊት ነው። ፕሬዝዳንት ካልቪን ኩሊጅ የ1927ን ሰመር ያሳለፉበት ሆቴልም መንገዱ ዳር አለ። ጎሽ መንገድ ላይ ካገኛችሁ ቁሙ፣ መስኮት ዝጉ፣ ጠብቁ። ልጅ ለፎቶ የሚያወርድ አባት በየዓመቱ አይጠፋም። እናንተ እንዳትሆኑ።

ከዚያ አይረን ማውንቴን የሚባለውን መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን ውጡት። ይህችን ያዙልኝ፣ አብዛኛው ሰው የሚስታት እሷን ነው። ዋሻዎቹ የተቆረጡት ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው የራሽሞር ፊቶች በዋሻው አፍ መሀል እንዲታዩ ተደርገው ነው። ከራሽሞር ከመጣችሁ በስፖኪዮ ታዩታላችሁ እንጂ ከፊታችሁ አታገኙትም። ሰዓቱም ጠዋት መሆን አለበት፤ ፊቶቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚያዩ የሚበራላቸው ያኔ ነው። 17 ማይል ላይ 314 ኩርባ አለ። የእንጨት ድልድዮቹ ላይ መንገዱ ክብ ይዞርና በገዛ ራሱ ላይ ያልፋል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው አይደነግጥም፤ ግን ፍሬን እየረገጣችሁ አትውረዱ፣ ማርሽ ቀንሱ። ኖርቤክ ራሱ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ መንዳትን አይወድም ነበር። በደንብ ማየት የሚፈልግ ወርዶ በእግሩ ይሂድ ባይ ነው። በስሙ የተሰየመው መመልከቻ ጋ ቁሙና እግራችሁን አፍታቱ።

ራሽሞር ላይ የመኪና ማቆሚያ ትከፍላላችሁ። ለቅርጹ ገንዘብ ከኮንግረስ ካስወጡት ሰዎች ዋናው ኖርቤክ ነበር፤ ሥራው በ1941 ሲቆም ግን በሕይወት አልነበረም። አንድ ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። እነዚህ ተራሮች በ1868ቱ ውል የአገሩ ነባር ለሆነው ለላኮታ ሕዝብ የተተዉ ነበሩ። በ1877 ተነጠቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ፈረደ፤ እነሱ ግን መሬታችንን እንጂ ብሩን አንፈልግም አሉ።

ከሰዓት በኋላ በ244 መንገድ፣ ቀጥሎም በ87 ወደ ሲልቫን ሐይቅ ዙሩ። ከሐይቁ ኒድልስ የሚባለው መንገድ ይጀምራል፤ በበረዶው ወራት ዝግ ነው። ኖርቤክ አቅጣጫውን የመረጠው በእግሩና በፈረስ እየዞረ ነው። አይሠራም ያሉት ባለሙያዎች ነበሩ። ስኮቬል ጆንሰን የተባለ መሐንዲስ ግን በቂ ድማሚት ካገኘሁ ይሠራል አለው፤ በ1922 አለቀ።

ጥቂት እንደነዳችሁ ኒድልስ አይ ዋሻ ጋ ትደርሳላችሁ። ስፋቱ 8 ጫማ ነው። ካምሪም ሲዬናም ያልፋል። ጣሪያ ላይ ዕቃ ከጫናችሁ ግን ቁመታችሁን ለኩ፤ ከ10 ጫማ በታች ነው። ከአፉ በፊት ቁሙ። ከወዲያ የሚመጣ ካለ ቅድሚያ ስጡት። ሁለቱንም ስፖኪዮ እጠፉ፣ መብራት አብሩ፣ ክላክስ ንፉ፣ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ መሀሉን ይዛችሁ ግቡ። ዓይናችሁ ግድግዳው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ይሁን፤ መኪና ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ጎን የተቀመጠ ሰው «ቀኝ! ቀኝ!» እያለ ቢጮህ አትስሙት።

መንገዱ ሊጅን ሐይቅ አጠገብ 16ኤ ላይ ያወጣችኋል። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከስተር ቅርብ ነው። ከመሸ አጋዘን ስለሚበዛ በዝግታ ንዱ።