የድሮ ማኑዋል ፎከስ ሌንሶችን የምስል ጥራት ማወዳደር

መጀመሪያ በሌንሱ ውስጥ የባትሪ ብርሃን አሳልፈው ይመልከቱ። ጭጋግ ወይም ሻጋታ ካለው ኮንትራስቱ (በምስሉ ብሩህና ጨለማ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት) ይወርዳል፤ ያኔ የሚያወዳድሩት የሌንሱን አሠራር ሳይሆን የእርጅናውን ጉዳት ነው።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረው ለጡብ ግድግዳ ትይዩ ያቁሙት። የምስል ማረጋጊያውን ያጥፉ፤ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 100፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ኋይት ባላንሱንም (የቀለም ማስተካከያውን) አውቶ ላይ አይተዉት፤ በአንድ ቦታ ይቆልፉት። ለምሳሌ በመስታወቱ ውስጥ ቶሪየም (ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር) ያለበት ሱፐር ታኩማር 50 ሚሜ ኤፍ/1.4 ሌንስ በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ያደላል፤ አውቶ ላይ ከሆነ ካሜራው ይህን ይደብቀዋል።

ዋናው ጣጣ ፎከስ ነው። ምስሉን በስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉልተው፣ በሚያነሱበት አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስፋት) ላይ ሆነው ያስተካክሉ፤ ሰፊ አፐርቸር ያላቸው ብዙ የድሮ ሌንሶች ሲጠብቡ ፎከሳቸው ይሸሻል። ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱን መሃል ላይ፣ ሌላውን ማዕዘን ላይ ፎከስ አድርገው። በሁለተኛው ማዕዘኑ ጥርት ካለ፣ ቀድሞ ያደበዘዘው የፎከሱ ሜዳ መጉበጥ (ጥርት ያለው ቦታ ጠፍጣፋ አለመሆኑ) ነው። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ካሜራው ለግድግዳው ትይዩ አልሆነም፣ አዳፕተሩ (ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ቀለበት) ጠማማ ነው፣ ወይም ከውስጥ መስታወቶቹ አንዱ ተዛንፏል። በሌላ አዳፕተር ይድገሙት።

ለማወዳደር ኤፍ/2፣ ኤፍ/2.8 እና ኤፍ/5.6 አፐርቸሮች (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ይበቃሉ፤ ኤፍ/8 ላይ ደህና ሌንሶች ሁሉ ይመሳሰላሉ።