ጋቢ የለበሰ ሰው አሳሳልን ለማስተማር

ጀማሪ ተማሪ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲስል ጋቢው ይወጣለታል፤ ሰውየው ግን ውስጡ የለም። ስለዚህ ትምህርቱን በባዶ ጨርቅ ጀምሩ።

አንዱን ነጠላ በአንድ ሚስማር፣ ሌላውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት ሚስማሮች ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የመጀመሪያው እጥፋት ከሚስማሩ ተነስቶ እየሰፋ ይወርዳል፤ የሁለተኛው መሃሉ ረግቦ እንደ ላላ ገመድ ይጎብጣል። «ይሄ እጥፋት ከየት ተነሳ?» እያላችሁ ጠይቁ። ሰው ላይ ሲሆን ሚስማሮቹ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት ናቸው።

መብራቱ አንድ ብቻ ሆኖ ከጎን፣ ከፍ ካለ ቦታ ይምጣ። የጣሪያው አምፖል አብሮ ከበራ የነጩ ጨርቅ ጥላ ይጠፋል።

ከዚያ ሞዴሉ ጠበቅ ያለ ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የእግሩንና የወንበሩን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ተማሪዎቹ ሰውነቱን በኤችቢ (መካከለኛ ጥንካሬ ባለው) እርሳስ ሳይጫኑ 10 ደቂቃ ይሳሉ። አሁን ሞዴሉ ሳይነቃነቅ ጋቢውን ደርቡለት፤ ጨርቁ ገላውን የነካበትን ቦታ ሁሉ በትንሽ ነጥብ ያመልክቱ፣ እጥፋቶቹንም ከእነዚያ ነጥቦች ያስነሱ። በየ20 ደቂቃው 5 ደቂቃ እረፍት ያስፈልጋል፤ ጋቢ ደግሞ አንዴ ከተነሳ እንደነበረው አይመለስም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ እጥፋቶች ከመጀመሪያው እረፍት በፊት ይያዙ። በሞባይል ፎቶ አንሱ፤ ጋቢውን መልሶ ለማስተካከል እንጂ ተማሪው ከፎቶው እንዲገለብጥ አይደለም።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እጥፋቱ ጥቂት፣ ሰፊና ድቡልቡል ነው። የነጠላ እጥፋት ብዙና ስል ነው፤ ስስ ስለሆነም በተደራረበበት ይነጣል፣ ባልተደራረበበት የውስጡን ልብስ ያሳያል። ጥለቱ ትልቅ ረዳት ነው፦ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይወጣል። በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ አድርጎ የሳለው ተማሪ ጨርቁን ሰሌዳ ያደርገዋል።

በጣም የተለመደው ስህተት የእጥፋቱን ሁለት ጎን እኩል ማጥቆር ነው፤ ገመድ ይመስላል። ጨርቁ በላዩ ላይ የተደረበበት ጎን ስል፣ የሚዞርበት ጎን ለስላሳ ይሁን። ጥላውን ከኤችቢ ለስለስና ጠቆር ባለው በ2ቢ እርሳስ ጎን ይቀቡ። ጥቁሩን ጥላ ለሁለት ሦስት ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ ለብብትና ለጉልበት ሥር፣ ያስቀሩት፤ በየእጥፋቱ ከገባ ነጩ ጋቢ ያደፈ ይመስላል።

ስታርሙ የተማሪው ሥዕል ላይ አትሳሉ፤ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ደርባችሁ አሳዩት። «ጉልበቱ የት አለ? ጣትህን አስቀምጥበት» በሉት። ካጣው፣ እዚያ አካባቢ ያሉትን እጥፋቶች በላጲስ አጥፍቶ ጉልበቱን መጀመሪያ ያግኝ።