«የወተት ነው፣ ይወልቃል» አትበሉ፦ በልጆች ቋሚ ጥርስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛዬ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ጉንጩ አብጦ መጣ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተበልቷል። እናቱ «ዶክተር፣ የወተት ነው ብዬ እኮ ነው፣ ይወልቃል ብዬ» አለችኝ። ቋሚ ጥርሱ ነበር።

እባካችሁ ሌላውን ብትረሱ ይህን ያዙልኝ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ጀርባ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ጸጥ ብለው ስለሚወጡ ቤት ውስጥ ማንም ልብ አይላቸውም። ተተኪ የላቸውም! ከፊት መሃል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ። የወተቱ አምስት ነው፤ ስድስተኛው ቋሚ ነው። ገና ሲወጣ ከጎረቤቱ ዝቅ ስለሚል ብሩሽ አይደርሰውም፣ ገጹ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ምግብ ይቀረቀራል። ስለዚህ ብሩሹን ከጎን አስገብታችሁ እናንተው ቦርሹለት። ጥርሱ ሳይበላ በፊት ልጁን ካመጣችሁት ስንጥቁን መሸፈን እንችላለን፣ አያምም።

«የወተት ከሆነ ንቀሉልኝ» የሚሉም አሉ። ሥራ ስጀምር እኔም ያለ ብዙ ሐሳብ ነቅያለሁ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ የወተት መንጋጋዋን አውጥቼ ቦታውን የሚጠብቅ ነገር ሳላደርግላት ሸኘኋት። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ የኋላው መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራቶ ክፍተቱን ዘግቶት፣ ተተኪው ጥርስ መውጫ አጥቶ አየሁ። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል። የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ይዞ ነው የሚቆየው።

ከታች የፊት ጥርስ ኋላ ሌላ ጥርስ ብቅ ሲል አትደንግጡ። የወተቱ እየተነቃነቀ ከሆነ ልጁ ራሱ ያውዛውዘው፤ ሲወልቅ ምላስ አዲሱን ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋዋል። ወራት አልፈው ካልተነቃነቀ አምጡት።

አዲሱ ጥርስ ቢጫ መሰለ ብላችሁ በሎሚና በጨው አትፈትጉት። ቋሚ ጥርስ በተፈጥሮው ከወተት ጥርስ ጠቆር ይላል።

ግግ ማስወጣት ግን ያንገበግበኛል። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠው ነው ምክንያቱ ተብሎ በስለት ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ እየተሠራ ነው፤ ስለቱ ከነካው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም። ደምና ኢንፌክሽኑ ሕፃኑን ሊገድለውም ይችላል። ተቅማጡን ጤና ጣቢያ አሳክሙለት።

የላይኛው የፊት ጥርስ 7 እና 8 ዓመት ላይ ፍንጭት ሆኖ ከወጣ ግን ለብሬስ (ለጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አትሩጡ። ክራንቻዎቹ ሲወጡ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠባል።