በጣት ጊታር ለመጫወት ከአውራ ጣት ይጀምሩ

ያለ ፒክ (ክር መምቻ ቁራጭ)፣ በጣት ብቻ ጊታር መጫወት የሚለማመድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣቶቹን ሁሉ በአንድ ላይ ማስለመድ ይፈልጋል፤ ምቱ የሚበተነውም በዚህ ነው። ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚይዘው አውራ ጣት ነው። እሱ ሳይቆም መሄድ እስኪችል ሌሎቹ ይቆዩ።

ወፍራሙ ክር 6ኛ፣ ቀጭኑ 1ኛ ነው። የቀኝ እጅ አውራ ጣት 6ኛን፣ 5ኛንና 4ኛን ይመታል፤ ሌባ ጣት 3ኛውን፣ የመሐል ጣት 2ኛውን፣ የቀለበት ጣት 1ኛውን። አውራ ጣት ከሌባ ጣት ይልቅ ወደ ጊታሩ አንገት ቀደም ብሎ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ። ጥፍር ከጣት ጫፍ 1 ሚሊሜትር ያህል ቢያልፍ ይበቃል።

በግራ እጅ የሲ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ይያዙ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው በየምቱ 5ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ ክር በአውራ ጣት ብቻ ይምቱ። ከሰው ጋር እያወሩም ምቱ ካልተዛነፈ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አሁን «አንድ፣ ሁለት-እና፣ ሦስት-እና፣ አራት» እያሉ ይቁጠሩ። ቁጥሮቹ በሙሉ የአውራ ጣት ናቸው። በመጀመሪያው «እና» የመሐል ጣት 2ኛውን ክር፣ በሁለተኛው ሌባ ጣት 3ኛውን ይመታል። ይህ በኬንታኪው ጊታሪስት መርል ትራቪስ ስም የሚጠራው ስልት ቀላል መልኩ ነው። ትራቪስ ራሱ በአብዛኛው የሚጫወተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነበር፤ ስለዚህ የቀለበት ጣት ቢዘገይ አያስጨንቅ።

ኮርድ መቀየር ከሲ ወደ ኤ ማይነር ይጀመር። ባሱ እዚያው 5ኛና 4ኛ ክር ላይ ይቆያል፤ በግራ እጅ የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ነው፣ ከ5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች ፍሬት ይባላሉ) ወደ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት። የጂ ኮርድ ግን ባሱን ወደ 6ኛና 4ኛ ያዛውራል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

ክሩ ፍሬቱን እየመታ ከጮኸ ወደ ውጭ እየሳቡት ነው፤ ጣቱ ወደ መዳፍ ይታጠፍ። ባሱ ዜማውን ከሸፈነው አውራ ጣትን ያለዝቡ። ፍጥነት በ5 በ5 ይጨመር፤ ከተሳሳቱ ወደ ቀድሞው ይመለሱ።

ስልቱ ሲጸና የትዝታን ቅኝት፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ የተባሉትን ድምፆች፣ ይሞክሩበት። ሲ ኮርድ እንደተያዘ፣ 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ሲ አለ፤ በትንሿ ጣት 3ኛውን ፍሬት ሲጫኑ ዲ ይሆናል። 1ኛው ክር ሳይያዝ ኢ ነው፣ 3ኛ ፍሬቱ ጂ። ኤ ደግሞ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። ዜማው ሲንቀሳቀስ አውራ ጣት 5ኛና 4ኛውን አይልቀቅ።