ቤትሆቨን በክራር፣ ያለ አንቀጽ 17

ሦስት ዓመት ገደማ ሆነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ተማሪዎቼን ይዤ መድረክ ወጣሁ። ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ኦርጋን። የቤትሆቨንን የዘጠነኛ ሲምፎኒ የደስታ ዜማ ወደ አምባሰል ቅኝት ገልብጬው ነበር። ወሎ ተቀምጬ ከአምባሰል ሌላ ምን ልምረጥ? ተጫወትን፣ ተጨበጨበልን። ስንወርድ አንድ ሽማግሌ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን ሰርግ ነው ልቅሶ?»

«የደስታ መዝሙር ነው አባባ።»

«እንግዲያ ሰውየው ደስታ አያውቅም» ብለውኝ ሄዱ።

ሰውየውማ ያውቃል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አባቴ የአምባሰል ሰው ነው። ውጫሌ ደግሞ እዚያው አምባሰል ናት። እኛ ቤት ወሬ ተዛብቶ ሲደርስ «አንቀጽ 17 ሆነ» እንላለን። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ኢጣልያን መጠቀም ትችላለች ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ የመጣውን ዓድዋ ድረስ ታውቁታላችሁ። እኔም መድረኩ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሌላ ነገር አሰምቼ «ይኸው ቤትሆቨን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለን። ማንኛውንም ሥራ ስናሻግር ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት እንለጥፋለን። በአንድ በኩል «ያልነካነው»፣ በሌላ በኩል «የነካነው» ይላል። መድረክ ላይ ከመጫወታችን በፊት አንድ ልጅ ወረቀቱን ያነበዋል። በቃ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ወረቀት የተፈተነ ነው። በተለይ ክራር ወይም ማሲንቆ እያስተማራችሁ «እስቲ የውጭ ክላሲካልም ልሞክር» ለምትሉ።

መጀመሪያ በቤትሆቨን አትጀምሩ። በቼኩ የሙዚቃ ደራሲ በድቮርዣክ ጀምሩ። «ከአዲሱ ዓለም» የሚባለው ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 ኒው ዮርክ ላይ ነው መጀመሪያ የተሰማው። ሁለተኛው ክፍል፣ ላርጎ የሚባለው፣ ዝግ ያለ ነው። ዋናውን ዜማ የሚጫወተው ኮር አንግሌ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አሁን ስሙ፦ ሚ ሶል ሶል፣ ሚ ሬ ዶ፣ ሬ ሚ ሶል ሚ ሬ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብቻ። አራቱም ትዝታ ሜጀር ውስጥ አሉ። ክራራችሁ በትዝታ ሜጀር ከተቃኘ አንድም መቃኛ ሳትነኩ ትጫወቱታላችሁ። ከመጀመሪያው ዜማ በኋላ ሲ ይመጣና ከቅኝቱ ያስወጣችኋል። እዚያ ላይ አቁሙ። ወረቀቱ ላይም «እዚህ ላይ አቁመናል» ብላችሁ ጻፉ።

ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ኮዳይ ልጆችን በራሳቸው አገር ዘፈን፣ በአምስት ድምፅ መጀመር ይሻላል ይል ነበር። የኛ ልጆች ጆሮ ደግሞ አምስቱን ድምፅ ከእናት ጓዳ ይዞት ነው የሚመጣው። ስለዚህ አብሽሩ፣ ከዜሮ አትጀምሩም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ዜማ ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። ክራር ተመትቶ ወዲያው ይሞታል። ለማሲንቆ ወይም ለዋሽንት ስጡት። ክራሩ ከሥር ረጋ ብሎ ምት ይያዝ። የወሎ ልጅ ማሲንቆ ሲይዝ በሁለተኛው ደቂቃ ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ሜዳውን፣ ማለትም ዜማውን ብቻ ያለ ማንቀጥቀጥ፣ አስጫውቱት። ሜዳውን ሲችል ይቀባው፣ ያምርበታል።

አሁን ወደ ቤትሆቨን። በአምባሰል ለምን ከሸፈ? የደስታው ዜማ እግረኛ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚሄደው፣ እንደ ደረጃ። አምባሰል ላይ ከሁለተኛው ድምፅ ወደ ሦስተኛው ሲሄዱ በኦርጋን አራት ቁልፍ የሚያህል ክፍተት አለ። ደረጃው መሐል ላይ ተነቅሏል ማለት ነው። ለአምባሰል ለራሱ ዘፈን ያ ክፍተት ነው ሆድ የሚያባባው። ለዚህ ዜማ ግን መሰናክል ነው። ትዝታ ሜጀርም አያድነውም፣ ፋ የለውማ። ባቲ ሜጀር ፋ አለው፣ ሬ የለውም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም አይሸከመውም። ይህን አምኖ መቀበል ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አንድ ማታ ግን ድምፆቹን ወረቀት ላይ ቆጠርኳቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል። ከታች ደግሞ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ የምትመጣ ዝቅተኛ ሶል። ስድስት! ክራሬስ ስንት ክር አለው? ስድስት። ብቻዬን ሳቅኩ።

አቃኛኘቱ እንዲህ ነው። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ነው እንበል። ሁለቱን ዶዎች አትንኩ። መሐል ያሉትን አራቱን ወደ ላይ ሳቡ። ሬን ሦስት ቁልፍ፣ ፋ ትሆናለች። ሚን ሦስት፣ ሶል ትሆናለች። ሶልን ሁለት፣ ላ ትሆናለች። ላን አንድ፣ ከሲ በፊት ያለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ትመጣለች። ከዚህ በኋላ ለዜማው ዶ የምትሆነው ፋ ናት፣ ታችኛዋ ዶ ደግሞ ያቺ ዝቅተኛ ሶል። ቁልፍ ስል የኦርጋኑን ጥቁርም ነጭም ቆጥሬ ነው። ክሮቹ ክራራችሁ ላይ በሌላ ቅደም ተከተል ከተወጠሩ ቦታውን ትታችሁ ድምፁን ተከተሉ።

አሁን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። የመጀመሪያው መስመር ይኸው፦ 4 4 5 6፣ 6 5 4 3፣ 2 2 3 4፣ 4 3 3። ሁለተኛው መስመር ያው ነው፣ መጨረሻው ብቻ 3 2 2 ይሆናል። ልጆቹ የመጀመሪያውን «ጥያቄ»፣ ሁለተኛውን «መልስ» ይሉታል። ሦስተኛው፦ 3 3 4 2፣ ከዚያ 3 45 4 2፣ 3 45 4 3፣ 2 3 1። 45 ያልኩት ሁለቱን በአንድ ምት ውስጥ ፈጠን አድርጋችሁ ነው። አራተኛው እንደ ሁለተኛው ነው። በአራቱ መስመር 1 ቁጥር ክር የምትነካው አንዴ ብቻ ነው። እሷን እየጠበቁ ነው ልጆቹ የሚጫወቱት። ስትመጣ ፊታቸውን ማየት ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ። ያረጀ ክር ሦስት ቁልፍ ወደ ላይ ከተሳበ ይበጠሳል፣ ፊት ላይም ይመታል። ስለዚህ መጀመሪያ ክራሩን ሙሉውን ሁለት ቁልፍ ዝቅ አድርጉና ከዚያ ቃኙ። ኦርጋኑንም በትራንስፖዝ፣ ድምፁን በሙሉ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው፣ ያንኑ ያህል አውርዱት። ሁለተኛ፣ ዜማው ጎረቤት ለጎረቤት ስለሚሄድ ያለፈው ክር ከመጪው ጋር ይቀላቀላል። በግራ እጅ ጣት ያለፈውን ዝም አሰኙት። አብዛኛው ልፋት እዚህ ላይ ነው፣ አንድ ወር ቢፈጅ አትደንግጡ። ሦስተኛው የደሴ ጉዳይ ነው። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ከሰሉ አጠገብ፣ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥቂት አሙቁት። ኮምቦልቻ ስንወርድ ደግሞ ሙቀት ነው። ሐረጎን ስናልፍ አንቃኝም፣ ደርሰን፣ አረፍ ብለን ነው የምንቃኘው።

ኖታውን ካገኛችሁ በኋላ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የቤትሆቨንን አካሄድ ተመልከቱ። ዜማውን መጀመሪያ የሚያሰማው ወፍራም ድምፅ ባላቸው ትልልቅ ባለ ክር መሣሪያዎች፣ በቼሎና በኮንትራባስ ብቻ ነው፣ በጣም በቀስታ፣ ያለ አጃቢ። ከዚያ መካከለኛ ድምፅ ያላቸው ይገባሉ፣ ከዚያ ቫዮሊኖቹ፣ በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ። ይህን እኛ አልነካነውም። አንድ ማሲንቆ ብቻውን፣ ዝቅ ብሎ፣ ለሹክሹክታ በቀረበ ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ ክራር፣ ከዚያ ሁለተኛው ክራር፣ ኦርጋኑ መጨረሻ። ኦርጋን ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ መግባት ይፈልጋል። አትፍቀዱለት።

ብዙ የልጆች መጽሐፍ የሚያስተካክለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። አራተኛውን መስመር ቤትሆቨን አንድ ምት ቀድሞ ያስገባዋል። ሦስተኛው ሳያልቅ ከች ይላል። መጻሕፍቱ «ለልጆች ይከብዳል» ብለው መስመሩን ቀጥ ያደርጉታል። የኔ ልጆች በጭብጨባ ያደጉ ናቸው፣ ለእነሱ ይህ ምንም ማለት አይደለም። እንዲያውም ያችን ምት ካሳየኋቸው በኋላ ነው ዜማውን የወደዱት።

ቃሉን በተመለከተ፣ ግጥሙ የሺለር ነው፣ በጀርመንኛ። አንዱ የዜማ መስመር 15 ቀለም ይይዛል፣ ስምንትና ሰባት ሆኖ። የኛ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ደግሞ ስድስትና ስድስት፣ 12 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ግጥም እንዳለ ልጫንበት ብትሉ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ይለጠጣል። እኛ አራተኛውን መስመር ብቻ መለስነው፦ «ሰው ሁሉ ወንድም ይሆናል፣ ክንፍሽ ባረፈበት ቤት»። አፍ ላይ ቁጠሩት፣ ስምንትና ሰባት ነው። ያ ቀድሞ የሚገባው ምት «ሰው» የሚለው ላይ ያርፋል። «ክንፍሽ» የተባለችው ደስታ ናት። ሺለር ክንፉን «ለስላሳ» ይለዋል፣ እኛ ጋ ቦታ አጥቶ ወደቀ። «ቤት» ደግሞ የኛ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ተጽፈዋል።

ለማስተማሩ የጠቀመኝ ኖታ አይደለም፣ የመንዙማ ወግ ነው። ግማሾቹ ልጆች መንዙማ ከሚባልበት ቤት የመጡ ናቸው። አውጪና ተቀባይ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃሉ። አንዷ መስመሩን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መስመሩ ልባቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ቁጥሩን የማሳያቸው። መንዙማውን ራሱን ግን ከኦርጋን ጋር አልቀላቅልም። በገናንም እንዲሁ። ድምፁ ለኮንትራባሱ ቦታ በጣም ያጓጓል። የጸሎት ነው፣ ተውኩት። ሌላ መምህር ሌላ ሊል ይችላል።

ስለ ማዳመጥም ልበል። የሲምፎኒውን ያንን ክፍል በስልክ ስከፍትላቸው ልጆቹ «መምህር፣ አልተከፈተም» አሉኝ። ተከፍቷል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን የቼሎና የኮንትራባስ ወፍራም ድምፅ አያወጣውም። የአንዱ ልጅ አባት ባጃጅ ይነዳል፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ትልቅ ስፒከር አስገጥሟል። ቧንቧ ውሃ አጠገብ አቁሞልን ዘጠነኛውን ሲምፎኒ በባጃጅ ሰማን። ሁለት ተሳፋሪ መጥቶ «ትሄዳለህ?» ብሎታል። ባጃጅ ካላገኛችሁ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ልጅ አካፍሉ። ቅጂ ስትላላኩ ደግሞ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትላኩ፣ ቀስታውን ድምፅ ይበላዋል። በፋይል ላኩት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከማሲንቆው ሁለት እርምጃ አርቁት።

ትልልቆቹን ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አሰማቸዋለሁ። ስዊዘርላንድና ካይሮ ቫዮሊን ተምረው ግሸን ማርያም ገብተው ዓመታት የኖሩ ናቸው፣ እዚሁ አምባሰል። ፒያኗቸው ምት አይቆጥርም፣ ይተነፍሳል። ድቮርዣክን ለሚያቻኩል ልጅ ከኔ ምክር ይልቅ እሱ ይሠራል።

በመጨረሻ ክራሩን ወደ ቤቱ መልሱ። መሐል ያሉትን አራቱን ክሮች ወደ ታች፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ይህን ግን በኦርጋን አታድርጉት። ስልኩንም ዝጉ። የኦርጋን ቁልፎች ሁሉ እኩል እኩል ናቸው፣ የኛ ቅኝት ግን በጆሮ ነው የሚለካው፣ እየተንጎራጎረ። ልጁ ትዝታን ዝቅ አድርጎ እያዜመ ክሩን ያላላ፣ ደርሶ ሲገጥም ራሱ ያውቀዋል።

ካልመለሳችሁ ምን ይሆናል? አንዷ ተማሪዬ በቤትሆቨን እንደተቃኘ ይዛው ሄደች። እሁድ ቡና ላይ አክስቷ እስቲ ብለው ያነሱታል። ሁለት ጊዜ መታ አደረጉት። ከዚያ አስቀመጡትና «ይሄን ክራር ምን አብልታችሁት ነው?» አሉ። አሁን እያንዳንዱ ክራር ላይ ትንሽ ፕላስተር አለ፦ «በቤትሆቨን ነኝ፣ አትንኩኝ»።